በግራ እጅ የተነሳ ኮፍያ

ለውድ ልጄ ለዶንግሃ፦ እንደምን ከርመሃል? እኔና አባትህ በጣም ደህና ነን። ቤቱ ጭር ስለሚልብኝ ብቻ ቴሌቪዥኑን አልዘጋውም።

ትናንት በቴሌቪዥን የቤዝቦል ጨዋታችሁን ሳይ፣ ተቀይረህ ልትወረውር ስትገባ በደስታ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። ኳስህ የተጋጣሚውን መቺ ጀርባው ላይ ሲያገኘውም እንዳሳደግንህ ይቅርታ ለመጠየቅ ኮፍያህን አንስተህ ጎንበስ አልክለት፤ የምትወረውርበት ባዶው ቀኝህ ከጎንህ ሳይነሳ፣ ከግራ እጅህ ጓንቱን አውልቀህ፣ በዚያው በግራህ። ጎረቤታችን የሚንጂ እናት፣ "ልጅሽ ቀኝ እጁን ቤት ረስቶት ነው እንዴ የሄደው?" ብላ ሳቀች። "ምነው አንቺም ምላስሽን ረስተሽ በመጣሽ" አልኳትና አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ የወረወርከውን አላየሁም፤ ድስት ጥጄ ነበር።

ፖሙ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። የላይ የላዩን የምታወርደው አንተ ነበርክ፤ አሁን ሰው ቀጥሬአለሁ። አባትህ፣ "ልጄ እያለልኝ?" ብሎ ተቆጣ፤ እኔ ግን ለሰውዬው ቀብድ ሰጠሁት። አንተ ለመብላት ብቻ ና፤ ሻንጣህንም እኔ እሸከማለሁ።

"አዲስ ቡድን ነው፤ አንድ ቀን ያረፈ ሰው ቦታውን ሌላ ይይዝበታል" ብለኸኛል። እዚህ ቤት ግን ቦታህን የያዘብህ የለም፤ አልጋህን ዛሬም አንጥፌዋለሁ።

ጤና ካንተ አይለይ። ናፋቂህ እናትህ።