ስለ አቶ ክንዱ ትኩሳት ለሜዲካል ዳይሬክተራችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር
ጎንደር

ክቡር ዶክተር፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና ይሁን፤ ድንገት እንኳ ቢያተኩስዎ ምርመራ አይቶ የሚያክም ሐኪም እንዲገጥምዎ ከልቤ እመኛለሁ። ቢሮዎ ስመላለስ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ከተማው ሁሉ በሚያነበው በዚህ ግልጽ ደብዳቤ መምጣቴን በመልካም ይዩልኝ።

አንደኛ፣ በተላላፊ በሽታዎች ሰብ ስፔሻላይዝ ላድርግ ብዬ ፈቃድ ስጠይቅዎ፣ ትኩሳት ማከም ደግሞ ትምህርት አለው ወይ ብለው ባልደረቦቼን ስላሳቁብኝ አመሰግናለሁ። ማራኪ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ፤ ፈቃዱን ከእርስዎ በላይ ካለው ቢሮ አምጥቼም ተማርኩ።

ሁለተኛ፣ ተመርቄ ስመለስ የግቢ ጽዳትና ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ስለሾሙኝ አላህ ይስጥልኝ። ጽጌረዳዎቹ በእኔ ዘመን ሸጋ እንደነበሩ ጠላቶቼም አይክዱም።

ሦስተኛው ታካሚያችንን አቶ ክንዱን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅርታ አልጠይቅም። ክንዱ የድብ ባሕር ገበሬ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ሲመለስ እያተኮሰው፣ ሰውነቱ ከስቶ ሆዱ ተነፍቶ እኛ ዘንድ መጣ። ላቦራቶሪው ደሙ ውስጥ ወባ የለም እያለዎት፣ እርስዎ ከቆላ የመጣ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ብለው የወባ መድኃኒት ደጋገሙለት። በጠዋቱ የሕሙማን ጉብኝት ጣፊያው እምብርቱን አልፏል፣ ለካላዛር ይመርመር ብል፣ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል ብለው ወደ አበቦቼ መለሱኝ። ካላዛር፣ ያ በቆላ የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው በሽታ፣ በጊዜ ከታወቀ ይድናል፤ መድኃኒቱም እኛው መጋዘን ውስጥ ነበር። እርስዎ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲሄዱ አስመረመርኩት፣ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ግን መድማት ጀምሮ ስለነበር መርፌውን ሳይጨርስ ሞተ።

ሚስቱ ዝናሽ አስከሬኑን ስትረከብ፣ «ምነው፣ ወባ እንዲህ ያደርጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልዋሸኋትም። ተናድጃለሁ ክቡር ዶክተር፤ ንዴቴ እንዲበርድም አልፈልግም።

ታላቅነትዎን ሳዳምጥ የኖርኩ፣ በጽጌረዳም በትኩሳትም የሠለጠንኩ፣ ቅጣትዎን በአክብሮት የምጠብቅ ታዛዥዎ፣

ዶ/ር ፈህሚያ ዐብዱልከሪም
የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም

ማስታወሻ፦ የሕሙማንን አሟሟት የሚያጣራውን ኮሚቴ፣ ማንም የማይፈልገው ሥራ ነው ብለው ባለፈው ሳምንት ለእኔ ስለሰጡኝ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። ሐሙስ የምንጀምረው በክንዱ ነው፤ በደንቡ መሠረት ያከመው ሐኪም ራሱ ቆሞ ያስረዳል። ዝናሽን ጠርቻታለሁ። እንግሊዝኛ ስለማትሰማ፣ መልስዎን በአማርኛ ይዘው ይምጡ።