ሦስት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ኅዳር 10

«ፋይል» የሚለው ቃል የለም። ከላይ፣ በስተግራ ጫፍ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማገኘው ቃል ጠፍቷል። «ኤዲት»ም የለም። በቦታቸው ትንንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ አንዱን ስነካ ሌሎቹ ይቀያየራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ሳንኖር ባለሙያዎች መጥተው በየኮምፒውተሩ ላይ አዲሱን የጽሕፈት ፕሮግራም ጭነዋል። ማንም አልጠየቀኝም። እዚህ ቢሮ አሥራ ስምንት ዓመት ጸሐፊ ነኝ፤ የግድግዳውን ቀለም ሲቀይሩ እንኳ አማክረውኛል።

አንዲት ደብዳቤ ለማተም አርባ ደቂቃ ፈጀሁ። ማተሚያው ለካ ጥግ ላይ ባለው ክብ ነገር ውስጥ ተደብቋል። እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁትም ራሄልን በዓይኔ ጥግ እየሰረቅኩ ሳያት ነው።

ራሄል ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ሁለተኛዋ ጸሐፊ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ስትመጣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚወጣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አዲሱን ፕሮግራም እስከ ሻይ ሰዓት ለምዳው ዘፈን ታንጎራጉር ነበር። «እትዬ አስካለ፣ ላሳይዎት?» አለችኝ። አመስግኜ አያስፈልገኝም አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ፤ ኩራት ነው።

ከሰዓት ኢንጂነር ዳዊት ሁለታችንንም ጠራን። ሥራ አስኪያጃችን ከሆነ ገና ዓመቱ ነው፤ በዕድሜ አሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። ከአያት ጀርባ ለሚሠሩት ቤቶች የግንባታ ቁጥጥር ሥራ ቢሯችን ይወዳደራል። የጨረታው ሰነድ ዓርብ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት መግባት አለበት፤ አንድ ደቂቃ ካለፈ አይቀበሉም። አርባ ሁለት ገጽ ነው፤ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከዚያ ወደ ጣሪያው እያየ፣ አዲሱ ፕሮግራም የማይመቸው ሰው ካለ መዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋል አለ።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም። ወደ ጣሪያው እያየ የተናገረው ለራሄል እንዳልሆነ ይገባኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

በአዲሱ ፕሮግራም የማውቀው፦ ኮንትሮልና ኤስ ያስቀምጣል። ኮንትሮልና ፒ ያትማል (ትናንት አርባ ደቂቃ ስፈልገው የዋልኩት ነገር ጣቴ ላይ ነበር ማለት ነው)።

የማላውቀው፦ የገጽ ቁጥር። ሠንጠረዥ። ማውጫ። የቀረው ሁሉ።

እስከ ሰባት ሰዓት ስድስት ገጽ ብቻ ሠራሁ። ኢንጂነሩ ሁለት ጊዜ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የድሮው ፕሮግራም አለ። ሰነዱን በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፣ እዚያ እንደ ልቤ እሠራለሁ፣ ጠዋት መልሼ አመጣለሁ። ማን ያውቃል?

ከጉርድ ሾላ እስከ አያት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ አቧራው ታክሲ ውስጥ ድረስ ይገባል። ቤት ስደርስ መብራት ጠፍቶ ገና መመለሱ ነበር። ኮምፒውተሩን ስከፍተው እንደ ልማዱ ጥቁር ሆኖ አንድ ቁልፍ ተጫኚ አለኝ። በውስጡ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ወደ 2002 ይመለሳል። ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ቤት የምጽፈውን ማን ቀኑን ያየዋል?

ሰነዱ አልከፈትም አለ። ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ዘረገፈልኝ። ማልቀስ ቃጣኝ።

አባባ ከሳሎን ሆነው «ምን ሆንሽ?» አሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ነበሩ፤ አሁን የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ቃለ ጉባኤውን በዚሁ ኮምፒውተር በሁለት ጣት ይጽፋሉ። ደህና ነኝ አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ራሄልን ዋሸኋት። «አንድ መሥሪያ ቤት ሰነድ ላኩልን ብሎ አዲሱ አልከፈትለት አለ፤ ምን ይደረጋል?» ብዬ ጠየቅኳት። ሲያስቀምጡ የድሮውን ዓይነት ይምረጡ ብላ አሳየችኝ። ትንሽ ትክ ብላ አየችኝ። በዚያው ስም ፍላሹ ላይ አስቀመጥኩት።

አባባ ለሚካኤል ከሄዱበት ተመልሰው፣ የዕድራቸውን ቃለ ጉባኤ ጨርሰው፣ ደስ ብሏቸው ጠበቁኝ። «ኮምፒውተርሽ እኮ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር» አሉኝ። «ቃለ ጉባኤው ሁሉ በሐሰት ቀን ሲወጣ አንቺ ዝም ብለሽ ታያለሽ። አስተካከልኩት።» እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም።

ተከፈተ። «ፋይል» አለ። «ኤዲት» አለ። ሁሉም በየቦታው አለ። ውጭ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭሱ በመስኮት ሲገባ ዘግቼ ቀጠልኩ። ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ሠንጠረዦቹን አስገባሁ፣ ገጾቹን ቆጠርኩ፣ ማውጫውን አወጣሁ። አርባ ሁለት ገጽ። አንድም ነገር አልጎደለም። እዚያው ፍላሹ ላይ አስቀምጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ኢንጂነር ዳዊት ሌላ ጣሪያ ይፈልግ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም። በተራ ልጻፈው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንጂነሩ «አለቀ?» ብሎ አጠገቤ ቆመ። አልቋል አልኩ። ፍላሹን ሰካሁት። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፋይሎች አሉ፤ አንዱ ማክሰኞ ቤት አልከፈት ያለኝ፣ አንዱ የትናንቱ። ስም የተጋሩ ሰነዶች ጠላቶቼ ናቸው፤ ሁልጊዜ የቆየውን አጠፋለሁ። በቀን አሰለፍኳቸው፤ አዲሱ ከላይ፣ የቆየው ከታች። የታችኛውን አጠፋሁ። የላይኛውን ሁላችንም ወደምንጠቀምበት የጋራ ማህደር አዛወርኩት። ፍላሹ ባዶ ሆነ። ኢንጂነሩ ቢሮው ጠርቶኝ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ።

ስመለስ ሰነዱን ልከፍት ስል «ራሄል ይዛዋለች» የሚል መልእክት መጣ። እስክትዘጋው ጠበቅኩ። ከፈትኩት። ማውጫ የለም። ሠንጠረዥ የለም። ማታ ሙሉ የለፋሁበት ሁሉ የለም። ስድስት ገጽ ተስተካክሏል፤ ሌላው እንደ መጀመሪያው ዝርክርክ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መዝገብ ቤት እኔ ከወረድኩ የኔን ጠረጴዛ ማን ይወስዳል? ይህን አሰብኩ። አስቤም ዝም አላልኩም። ኢንጂነሩ ምን ሆነ ሲለኝ፣ ራሄል እየሰማች፣ «እኔ ጨርሼ ነው ያስገባሁት። ከእኔ በኋላ የነካችው ራሄል ብቻ ናት» አልኩ።

ራሄል እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሳች። የሽፋኑን ገጽ ብቻ ነው የሠራሁት፣ እንዲቀልላቸው ብዬ ነው አለች፤ ለእሱ እንጂ ለእኔ አልተናገረችም። ኢንጂነሩ ማን እንዳጠፋው በኋላ እንደሚታይ፣ አሁን ግን ሁለታችን ሆነን እንደ አዲስ እንድንሠራው አዘዘ።

ሠራን። እኔ አነበብኩ፣ እሷ ጻፈች። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ያወራችኝ የሥራ ብቻ ነው። «ወይዘሮ አስካለ፣ ሠንጠረዥ አራትን ያንብቡልኝ።» «ወይዘሮ አስካለ፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?» ስድስት ዓመት ሙሉ እትዬ ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። ወይዘሮ ስትለኝ በድላኝ ነው የተሳቀቀችው ብዬ ጥርጣሬዬን አጸናሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቤት ገባሁ። ምናልባት የትናንቱ ሥራ የሆነ ቦታ ተርፎ እንደሆነ ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ምንም የለም፤ ፍላሹ ላይ ነበር የሠራሁት። ልዘጋው ስል ዓይኔ ታች ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ላይ አረፈ። ሁለት ሰዓት ከሃያ። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ሁለት ሰዓት ከሃያ።

የኮምፒውተር ሰዓት ከግድግዳችን ሰዓት ጋር እኩል ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው፤ ስድስት ሰዓት ይለያያል። ቀኑን አየሁት። አሥራ ሦስት፣ ሦስተኛ ወር፣ 2005። ኅዳር አሥራ ሦስት ማለት ነው። የአባባ ቀን ነው። በፈረንጆቹ 2002 ላይ ቆሞ ሲያገኙት በእኛ መስሏቸው ሦስት ዓመት ጨመሩለት።

የትናንት ማታው ሥራዬ 2005 ተብሎ ተቀመጠ። የማክሰኞው ግን በቢሮው ኮምፒውተር፣ በፈረንጅ፣ 2012። ጠዋት ሳሰልፋቸው የቆየው ሆኖ ከታች የተሰለፈው የትናንቱ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።

አባባን ጠርቼ ነገርኳቸው። ስለ ራሄልም ነገርኳቸው። ከዚያ «ሽማግሌ ልሁንሽ?» አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ የተናገርኩት በራሴ አፍ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ። ራሄል ቀድማኛለች። የቀረውን ስምንት ገጽ ሠርተን፣ አትመን፣ ፖስታው ታሽጎ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከቢሮ ወጣ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ገባ ተብሎ ተደወለ። ተመስገን።

አሁን አሁን እያልኩ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ራሄል ብቻዋን ሳለች ልንገራት ብዬ ነበር። ግን የከሰስኳት እሱ ፊት ነው፤ ብቻዋን ይቅርታ ብጠይቃት ስሟ እሱ ዘንድ እንደቆሸሸ ይቀራል። «ነይ አንዴ» ብያት አብረን ገባን።

ስለ ቀኑ ስነግረው ኢንጂነሩ መጀመሪያ አልገባውም፤ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ሲገባው ፈገግ ሊል ነበር፣ ግን መልሶ አሰበ።

«ታዲያ ሰነዱን ለምን ቤት ወሰዱት?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት።

«አዲሱን ፕሮግራም አላውቀውም» አልኩ። «እንዳይታወቅብኝ ነው። ራሄል ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ በእሷ ያሳበብኩትም እኔ ነኝ።»

ሰኞ ጠዋት እንነጋገራለን አለ። ወደ ጣሪያው እያየ አልነበረም የተናገረው፤ ፊቴን እያየ ነው። የቱ እንደሚከፋ አላውቅም። ራሄል ቀድማኝ ወጣች፤ ምሳም ሌላ ቦታ በላች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ዛሬ ግማሽ ቀን ነው።

አራት ሰዓት ገደማ የቢሯችን በር ተንኳኳ። አባባ። ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። ከአያት ድረስ በዚያ አቧራ መጥተዋል። እምቢ ብያቸው ነበር እኮ። መሬት ብትከፈት ብዬ ተመኘሁ።

እኔን አላዩኝም። ራሄል ጠረጴዛ ፊት ሄደው ቆሙ። ተነስታ ወንበር ስታቀርብላቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ የኮምፒውተሩን ቀን ያዛባሁት እኔ ነኝ» አሏት። «የሠላሳ ዓመት ሬጅስትራር ነኝ፣ የተዛባ ቀን ሳይ አላስችል ይለኛል። ስለ ቀኑ እኔን ውቀሺኝ። ስለ ስምሽ ግን እሷን ውቀሻት፤ ያን እኔ አላስተማርኳትም።»

እንባዬ መጣ። ተነስቼ ጉልበቷን ልይዝ ስል ሳልደርስ ደግፋ ያዘችኝ። አባባን በግድ አስቀምጣ ሻይ አዘዘችላቸው፤ ስለ ዕድራቸው ሲያጫውቷት ሁለት ጊዜ ስትስቅ ሰማሁ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ወንበሯን ስባ አጠገቤ መጣች። ረቡዕ ዕለት የድሮውን ዓይነት ስጠይቃት ሥራውን ቤት እንደምወስደው ገብቷት ነበር። ሽፋኑን የሠራችውም ለዚያ ነው። «ብቻ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለች።

እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ክቡን ነገር አሳየችኝ፤ የገጽ ቁጥርም አሳየችኝ። የገጽ ቁጥሩን ብቻዬን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

ስመለስ ጉርድ ሾላ ባትሪዋን ገዛሁ፤ አዝራር የምታህል ናት። ከአባባ ጋር ሆነን የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍተን ቀየርናት። ቀኑን በፈረንጅ ስሞላው ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። የእኛን ቀን በወረቀት ጽፌ ከስክሪኑ ጎን ለጠፍኩላቸው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ በእጃቸው ይጻፉት።

ሰኞ ኢንጂነሩ ይጠራኛል። ጠረጴዛዬ ይሁን ምድር ቤት አላውቅም። ራሄል ግን ስንለያይ፣ ታክሲ ልትገባ አንድ እግሯን ካነሳች በኋላ ዞር አለች።

«ሰኞ ቀደም ብለው ይምጡ እትዬ፣ ማውጫ እናወጣለን» አለችኝ።

እትዬ አለችኝ።