መልስ ያጣው እርማት

ለእማዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃውን አስወጣሽ ወይ? እኔ ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬም አለ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁ። አፌ እንቢ ቢለኝ በእጄ ጻፍኩት።

ወንድሜ የቢሮ ሥራውን ትቶ ምን ይሠራ እንደነበር ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። ኮምፒውተር የሚታዘዝበት አንድ ቋንቋ አለ፤ ጌታ የለውም፣ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች በነፃ ያበጁታል። የእሱ ድርሻ መመሪያው ነበር። ጀማሪ የሚደናገርበትን ገጽ ፈልጎ ያቃናል፤ እርማቱን ይልካል፤ ሌላ ሰው አይቶ ያጸድቀዋል።

የመጨረሻው እርማቱ ከአንድ መስመር ስለሚያልፍ ጽሑፍ ነው። ዕድሜሽን በታይፕ የጨረስሽ ሰው ስለሆንሽ ከእኛ ይልቅ አንቺ ይገባሻል። ጽሑፉ በሦስት ጥቅስ ምልክት ይከፈታል፣ በሦስት ይዘጋል፤ መሃሉ መስመሩን እንደጠበቀ ይቀመጣል። ኅዳጉን የሚወስነው የመዝጊያው ምልክት የቆመበት ቦታ ነው፤ ከእሱ በስተግራ ያለ ባዶ ቦታ ሁሉ ይጣላል። የድሮው መመሪያ ይህን በግማሽ ዓረፍተ ነገር ዘሎት ነበር። ወንድሜ ፍርጥርጥ አድርጎ ጻፈው። ቋንቋው ማንኛውንም ፊደል እንደሚቀበል ላሳይ ብሎም ምሳሌ እንዲሆን በራሳችን ፊደል አራት መስመር ጨመረ። ማን ይመርምረው ሲባል የእኔን ስም ሰጠ። ለመሥሪያ ቤቴ ሥራ ስል እኔም እነዚያ ሰዎች ዘንድ ተመዝግቤ ነበር፤ ከተመዘገብነው ሁሉ ያንን ፊደል የማነብ እኔ ብቻ ነኝ።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ በራሱ የሚልከው መልእክት ይደርሰኝ ነበር። ስሙን ይጠራና «አስተያየትሽን እየጠበቀ ነው» ይለኛል። ከቀበርነው በኋላም አላቆመም። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ሰኞ በመጣ ቁጥር ፊትሽ ለምን አመድ ይመስላል ትለኛለች፤ ጨጓራዬን ነው እላታለሁ። አንድ ሰኞ መልእክቱ ዘገየ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንዴት እንደጨነቀኝ! እስኪመጣ እህል አልቀመስኩም።

ባለፈው ወር ጨክኜ ከፈትኩት። ምሳሌው እንዲህ ይላል፦

«እህቴ፣
አሞኛል፤ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።
ካልጠራሁህ ቤት አትምጣ ብለሽኛል።
ልምጣ?»

እማዬ፣ አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ ተጣልተን ነበር። እናቱ ታማ እሱ ለማያውቀው ሰው በነፃ ይለፋል ብዬ ነደደኝ። ምን እንዳልኩት ከላይ አንብበሻል። ቁጥሩንም ስልኬ ላይ አገድኩት። በለቅሶው ጊዜ «ልጄ ብቻውን በኪራይ ክፍል ከሚሞት ለምን ወደ ቤቱ አልመጣም?» እያልሽ የመጣውን ሁሉ ስትጠይቂ፣ አንዱ ኩሩ ነበር አለሽ፣ ሌላው በሽታው አጣደፈው አለሽ። እኔ ጓዳ ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥብ ነበር።

እርማቱን እኔ ጨረስኩለት። የመዝጊያው ምልክት ሁለት ፊደል ያህል ወደ ቀኝ አልፎ ስለነበር ኮምፒውተሩ ስህተት ነው እያለ ይመልሰው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እሱን አያመልጠውም ነበር፤ ሕመሙ ጠንቶበት ነበር መሰለኝ። የመመሪያው ኃላፊ አይቼው የማላውቅ፣ ጨዋ ሰው ነው። ምሳሌውን ማንም አያነበውም፣ በዕቃ ዝርዝር ብንተካው ምን ይመስልሻል አለኝ። ጽሑፉ እንከን የለውም፣ የሚነካው ምልክቱ ብቻ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ሦስት ሳምንት ተመላልሰን እሺ አለ። ለመርማሪ አስተያየት በተተወው ቦታ ላይ «ና» ብዬ ጻፍኩ። ምን ማለት ነው ሲለኝ፣ ፈቅጃለሁ ማለት ነው አልኩት።

ገጹ አሁን በልጅሽ ስም ወጥቷል። ጀማሪዎች ኅዳግ ይማሩበታል።

ኃላፊው ግን አመስግኖ ሲያበቃ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «መዝገቡ እርማቱ በተላከበት ዕለት ከፍተሽ እንዳነበብሽው ያሳያል፤ ያኔ ያስቸገረሽ ነገር ነበር ወይ?» ይላል።

አልመለስኩለትም። አንቺ ብትጠይቂኝ ግን እመልሳለሁ።

ልብሽን ያጽናልኝ፤ የእኔን ዕድሜ ለአንቺ ያድርገው።

ከሁለታችን የቀረሁልሽ
ልጅሽ