የሀዘን መግለጫ፦ ስለ ባዶ በርሜሎቻችን እውነቱን ላስጻፉን ለወይዘሮ ዙሀራ አብዱረህማን

የመቐለ የሳሙናና የቀለም አምራቾች ማህበር የምርት ደህንነት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ዙሀራ አብዱረህማን ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. አርፈዋል። ሀዘናችን ጥልቅ ነው። ሆኖም ሟቿ የተኮሳተረ ተሰብሳቢ ሲያዩ ጨጓራህን አመመህ ወይ ብለው የሚጠይቁ ሰው ስለነበሩ፣ ይህን መግለጫ ፊታችንን ፈታ አድርገን ጽፈነዋል።

ወይዘሮ ዙሀራ በ1951 ዓ.ም. በወሎ ሐይቅ ከተማ ተወለዱ። በኬሚስትሪ ተመርቀው ለዓመታት ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ በ1986 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከአቶ አብዱልወሃብ ኢህሳን ጋር ወደ መቐለ መጡ። አቶ አብዱልወሃብ ከፋብሪካዎች ባዶ በርሜል እየገዙ ለነዋሪው የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ የበርሜል ነጋዴ የተከበረ ሰው ነው። ወይዘሮ ዙሀራ ደግሞ በሰሜን ክፍለ ከተማ በሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን ሥራ ጀመሩ።

በ1992 ዓ.ም. ጥሬ ዕቃ የሚልኩልን የውጭ ኩባንያዎች በብዛት የሚመረቱ ኬሚካሎችን ደህንነት ተባብረው ለመመርመር ተስማሙ። ኬሚካሎቹን ይከፋፈላሉ፤ አንዱ የመረመረውን ሌላው አይደግምም፤ ውጤቱንም በጋራ ይፋ ያደርጋሉ። ተጠቃሚዎችም የአያያዛቸውን ሁኔታ እንዲያሳውቁ ተጋበዙ። ተፎካካሪ ኩባንያዎች የምርመራ ውጤት ይካፈላሉ ብሎ ያመነ አባል ግን አልነበረም። ወይዘሮ ዙሀራ ነገሩ በወሎ ደቦ፣ በትግራይ ወፈራ የሚባለው መሆኑን አስረዱ። ሰብሳቢያችን አቶ ገብረዝጊ ወልደጊዮርጊስም እንግዲያው የወፈራው ጠላ፣ ስዋው፣ ከማን ቤት እንደሚጠጣ ጠየቁ። ሁላችንም ከሳቅን በኋላ ተሳትፏችን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በ1994 ዓ.ም. ተራው ለፈሳሽ ሳሙና የምንጠቀምበት አሲድ ደረሰ። ከመጡልን ጥያቄዎች አንዱ የአሲዱ በርሜል ባዶ ሲሆን የት እንደሚሄድ ነበር። ቦርዱ «በጥንቃቄ ይወገዳል» የሚል መልስ አዘጋጀ። እውነቱ ግን በርሜሉ ለቅለቅ ተደርጎ፣ አንዳንዴም ሳይለቀለቅ፣ ለመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሸጥ ነበር። ገመናን ለባዕድ መግለጥ ነውር ነው፤ ከዚያም በላይ አሲዱን መላክ ያቆሙብናል፣ ፋብሪካዎቻችንም ይዘጋሉ ብለን ፈራን። ወይዘሮ ዙሀራ በሐሰት መልስ ላይ አልፈርምም አሉ። አቶ ገብረዝጊ እውነቱ ከወጣ ቀድሞ የሚዘጋው የባለቤታቸው ንግድ መሆኑን በቅንነት አስታወሷቸው። የሰጡት መልስ በቃለ ጉባኤያችን ላይ እንዲህ ይነበባል፦

«በርሜሉ እኔም ቤት አለ። ያመጣው አብዱልወሃብ ነው፤ ልጄ ዓፊፋም የምትጠጣው ከሱ ነው። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ይህንንም ጨምሩበት።»

ተጨምሮ ተላከ። ከዚያ በኋላ ቦርዱ የውጭ ቴምብር ያለበት ፖስታ በመጣ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። የመጣው ግን ያልጠበቅነው ነው። በሌሎች አገሮችም ያሉ ተጠቃሚዎች እንደኛው ደብቀውት ኖሯል፤ የመቐለን መልስ ሲያዩ የየራሳቸውን አወጡ። በቤተ ሙከራ ውጤት ብቻ ብዙም አያሰጋም ተብሎ ሊያልፍ የነበረው ግምገማ ተከለሰ። ላኪዎቹም በርሜሉ ለውሃ እንዳይውል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍና ሥዕል በየበርሜሉ ላይ ለመለጠፍ ተስማሙ። አሲዱም መምጣቱን አላቆመም፤ እኛም እፎይ አልን።

በ1995 ዓ.ም. ማንኛውም ባዶ የኬሚካል በርሜል ሳይበሳ ከአባል ፋብሪካ እንዳይወጣ በሟቿ አቅራቢነት ተወሰነ። አቶ አብዱልወሃብ ንግዳቸውን ዘግተው አዲስ ሮቶ ወደ መሸጥ ዞሩ። ባለቤታቸውን «የበርሜል ጠላት» እያሉ በየሰርጉ መክሰሳቸውን ግን እስከ መጨረሻው አልተዉም፤ ክሱ ሲነበብ ከሁሉ በላይ የሚስቁትም ወይዘሮ ዙሀራ ነበሩ።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በቁሓና በአካባቢው ትምህርት ቤቶች እየዞሩ የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን አስተምረዋል። ትግርኛቸው የወሎ ቃና ነበረው። ተማሪዎች ሲያርሟቸው አመስግነው ይቀበሉና ያንኑ ስህተት ይዘው ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በጣም እንወዳቸው ነበር።

ሥርዓተ ቀብራቸው በተፈጸመ ማግስት ማህበራችን ለለቅሶው ድንኳን ውሃ በበርሜል አስመጣ። በዚያ ሳምንት በሰፈሩ ቧንቧ ጠብ አላለም ነበር። አቶ አብዱልወሃብ ከለቀስተኛው መካከል ተነሥተው በርሜሉ ከየት እንደመጣ ጠየቁ። አቶ ገብረዝጊ ሹፌሩን ጠየቁ፣ ሹፌሩም ዘበኛውን ጠየቀ፤ የሚያውቅ አልተገኘም። አቶ አብዱልወሃብ የበርሜል ሰው ናቸውና ብቻቸውን አዘንብለው ውሃውን ደፉት። ከዚያም መዶሻና ወፍራም ምስማር አስመጥተው በርሜሉን በሱት። እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣቸውም ነበር፤ ከበሱት በኋላ ተቀምጠው አለቀሱ። እኛም አብረናቸው አለቀስን።

ለአቶ አብዱልወሃብ፣ ለልጃቸው ለወይዘሪት ዓፊፋ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን፤ ጽንዓት ይሃብኩም። ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ውሃ የምናቀርበው በአዲስ ሮቶ ነው፤ የገዛነውም ከራሳቸው ከአቶ አብዱልወሃብ ሱቅ ነው።

የማህበሩ ሥራ አመራር ቦርድ
መቐለ፣ ጥር 2011 ዓ.ም.