ፍግ የማይገባበት መደብ

ኅዳር 4
ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ምንጭ ተነሣን። ታች በሸሚዝ፣ ጨንቻን ስናልፍ በሹራብ፣ ጉጌ ተራራ ሥር ስንደርስ በካፖርት። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው። መኪናው ብቻ ተቀየረ... ሰዎቹም።

አራቱ የሙከራ መደቦች ደህና ናቸው። ገብሱ ታጭዷል። አንዱ መደብ ፍግ ያገኛል፣ አንዱ ማዳበሪያ፣ አንዱ ሁለቱንም። አራተኛው ምንም። ተማሪዬ ምኞት ከአራቱም አፈር ወሰደች። የዶክትሬት ጥናቷን ጥር ላይ ታቀርባለች፤ ይሄ የመጨረሻው ናሙና ነው። የጨንቻ ልጅ ናትና ብርዱ አይሰማትም። ካፊያ ሲጀምር እኔ መኪና ውስጥ ገባሁ፤ እሷ እማማ ወለቴ ቤት። መሬቱን የሰጡን፣ የሚያርሱልንም የእማማ ወለቴ ቤተሰቦች ናቸው።

ኅዳር 5
ባልደረባዬን ዘመድኩንን ሳስብ ዋልኩ። ከሞተ ሦስት ዓመቱ።

በዘጠና አምስት ለመጀመሪያ ጊዜ ስንወጣ ሁለታችንም የሰሜን ልጆች፣ ጋሞኛ አንድ ቃል የማናውቅ። ጠዋት ጠዋት አንድ ቡልኮ ለሁለት ተከናንበን፣ አመዳዩ እስኪቀልጥ በር ላይ ቆሎ እንቆረጥም ነበር። በኋላ አራተኛው መደብ ግራ አጋባን። በየዓመቱ ይዘራል፣ ምንም አይሰጠውም፣ አፈሩ ግን አይደክምም። ምክንያቱን ያገኘው እሱ ነው።
«ብርዱ ነው! እዚህ ትሎቹም ካፖርት ስለሌላቸው ሥራ አቁመዋል።»
ቅዝቃዜው ብስባሹ ቶሎ እንዳያልቅ ይጠብቀዋል ማለቱ ነበር። ጻፍነው። ታተመ። ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ጠቀሱት። ከሁለታችን ዕድሜ የሚቀር አንድ ሥራ ቢኖር እሱ ነው።

ኅዳር 11
ምኞት ቢሮ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።
«ዶክተር፣ ያን ቀን እማማ ወለቴ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። እስካሁን መናገር ፈርቼ ነው።»
«ምን አሉሽ?»
«የካቲት ላይ ፍጉን ሲያስገቡ ለአራተኛውም ይሰጡታል። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ።»
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
«ለምን?»
«ሦስቱን አብልቶ አንዱን ጦሙን ማሳደር ጎሜ ነው አሉ።»
ጎሜ... እዚህ ከነውርም ይብሳል። መዘዝ የሚያመጣ ጥፋት ነው።
«እናንተ የረሳችሁት መስሏቸዋል፣ ዶክተር። አዝነውላችሁ ነው።»

ሥራውን ያስረዳናቸው አንድ ጊዜ ነው፣ በአስተርጓሚ። ከዚያ ወዲህ የምንወጣው ኅዳር ኅዳር፣ ገብሱ ሲታጨድ። የካቲት ላይ ማስተማር አለ፣ ፈተና አለ... ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም የካቲት አልወጣንም! ፍጉ ደግሞ እስከ ኅዳር አፈር ሆኖ ይቆያል።

ኅዳር 12
ማን ያውቃል? እኔ፣ ምኞት፣ አሮጊቷ። ዝም ብል ልጅቷ ጥር ላይ ዶክተር ትባላለች። የዘመድኩንም ስም ባለበት ይቆያል። ልጅቷ ግን ዝም ማለት ብትፈልግ መች ትነግረኝ ነበር?

ኅዳር 14
ዛሬም አልወሰንኩም።

ኅዳር 18
ወደ ሲቀላ ሰፈር፣ ብርቅዬ ቤት ሄድኩ። የዘመድኩን ባለቤት።
«አንተ! መንገዱ ጠፋህ እንዴ?»
ሁሉንም ነገርኳት። መሐረቧን ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች።
«ስሙ ሊጠፋ ነው?»
«ተሳስተዋል ነው የሚባለው። ዋሽተዋል አይደለም።»
«ዝም ብትልስ?»
«ያኔ ዋሽተናል።»
«እንግዲያ ወስነህ መጥተሃል። እኔን ምን ልትጠይቀኝ ነው?»
«እሱ ምን ይል ነበር?»
«እሱ ቢሆን መጀመሪያ ይናደዳል» አለች። «ሦስት ቀን ያኮርፍሃል። ከዚያ ደብዳቤውን ራሱ ይጽፈዋል። ያንተን አጻጻፍ መች ያምን ነበር?»
ሳቅን። ቀድማ ያቆመችው እሷ ናት።

ኅዳር 20
ጥናታችንን ላተመው መጽሔት ጻፍኩ። አራት መስመር። ምንም አይገባበትም ያልነው መደብ ፍግ ሲገባበት ኖሯል፤ ድምዳሜያችን አይቆምም። ፈረምኩ። ከስሜ ሥር የሱንም ጻፍኩ።

ለትምህርት ክፍሉም በስብሰባ አሳወቅን። የምኞት ጥናት በአንድ ዓመት ተራዘመ። ከስብሰባው ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ፣
«እናቴ ለጥር በግ ገዝታ ነበር» አለችኝ።
ምን ይባላል? «እስከዚያው ይደግ» አልኳት። ደግነቱ ሳቀች።

የካቲት 9
ዛሬ ወጣሁ። በየካቲት!

ምኞት ከትናንት ጀምሮ እዚያው ናት። አዲሱ ጥናቷ የእማማ ወለቴን የፍግ ቅርጫት ከመመዘን ይጀምራል። አሮጊቷ እያንዳንዱን ዓመት ያስታውሳሉ። ጉልበታቸውን ታመው ለአራተኛው ያልሰጡበትን ዓመት፣ ሁለት ላም ሞቶባቸው ፍግ ያነሰበትን ዓመት... ምኞት ከድሮው መዝገብ ጋር አመሳከረችው። የአራተኛው መደብ ውጤት ያሽቆለቆለው በእነዚያው ሁለት ዓመታት ነው። እኔና ዘመድኩን ያኔ «ዓመቱ ሞቅ ብሎ ነው» ብለን ጽፈናል። እርግጠኛ ነበርን። እንዴት ደስ ይለን እንደነበር!

ዳር ቆሜ ሳይ እማማ ወለቴ ሴቱን ወንድ በሚያደርገው አማርኛቸው ጠሩኝ።
«ዶክተር! ሰው ይሠራል፣ አንተ ትቆማለህ?»
«አርጅቻለሁ እኮ፣ እማማ።»
«እኔስ? ምኞት ጎበዝ ነው፣ አራት ተሸከመ። ና!»
ሴቶቹ ሳቁ። ቅርጫት አሸከሙኝ። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ትንፋሼ አጠረ።
«ያ ጓደኛህ ቢኖር ሁለት ይሸከም ነበር» አሉኝ እማማ ከኋላዬ።
ይሸከም ነበር። እያማረረ፣ እየቀለደ።

አራተኛው መደብ ላይ ደፋሁት። በብርዱ ውስጥ እንፋሎቱ ይወጣል። ተንበርክኬ በእጄ በተንኩት። ሞቃት ነው... አላውቅም ነበር።