የማሚቴ መሸኛ

ሐምሌ 8 ቀን 1973
ዝናቡ አላባራም። ማሚቴን ለክረምቱ ጅማ፣ አባቷ ጋ ልልካት ነው። ዓምሃ ተዛውሮ ከሄደ ወዲህ አላያትም። ስንፋታ ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ለእኔ ቢሰጡም አባት አባት ነው... ምን ይደረግ? ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ስብሐት፣ «መሸኛም ልጻፍልሽ፣ እዚያ በስሟ ስኳር ያወጡላታል» አለኝ። ደስ አለኝ። ሳላነበው ተቀበልኩ።

ሐምሌ 10
መሸኛውን አስይዤ ሸኘኋት። የሹራቧ አዝራር ላልቶ ነበር። ሽሮ ሜዳ ስሰፋ እየዋልኩ የልጄን አዝራር ሳልሰፋ!

መስከረም 6 ቀን 1974
ትምህርት ተከፈተ። ማሚቴ የለችም። የዓምሃ ደብዳቤ መጣ። «እዚሁ አስመዝግቤያታለሁ። እንዳትመጪ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ትበላለች? ታለቅሳለች? አንድ ቃል የለም።

ጥቅምት 2
ዓምሃን ከስሼ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። «ልጅቷ የት ነው የምትኖረው?» አሉ ዳኛው። «ጉለሌ፣ እኔ ጋ።» ዓምሃ የላከውን ወረቀት አነበቡልኝ። የራሴ ቀበሌ መሸኛ! «ቀበሌውን ለቃ ጅማ ስለሄደች ከመዝገብ ተሰርዛለች።»
«ሽማግሌዎቹ የወሰኑልኝስ?»
«እሱንም እዚያ አቅርቢ። ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም። ልጅቷ ባለችበት ክሰሺ።»
እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ጥቅምት 4
ስብሐት ላይ ጮህኩበት። «ጓዲት፣ መሸኛ የሚሰጠው ለሚለቅ ሰው ነው። እኔማ ስኳሩ እንዳይቀርባት ብዬ...» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። ቂም ልይዝበት ፈልጌ አልሆነልኝም። እኔስ ያው ለስኳር ብዬ አይደል?

ጥቅምት 11
ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ጅማ መመላለስ... የስፌት ማኅበሩ ስንት ጊዜ ፈቃድ ይሰጠኛል? እዚያው ብኖርስ? ለጎረቤቴ ለእትዬ ብርቅነሽ ነገርኳቸው። «እናትሽ ያረፉበት ቤት እኮ ነው! የቀበሌ ቤት ከለቀቅሽ በማግስቱ ሌላ ሰው ይገባበታል» አሉኝ። አውቃለሁ። ፈራሁ። ማሚቴም የተወለደችው እዚሁ ነው።

ኅዳር 3
ቀበሌ ሄድኩ።
«ምን ልጻፍልሽ?» አለ ስብሐት።
«የማሚቴ ላይ የጻፍከውን።»
ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጻፈ። ዛሬ ቃል በቃል አነበብኩት። ለቃ ጅማ ስለሄደች ከመዝገብ ተሰርዛለች። የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የዛሬ ማደሪያዬ እትዬ ብርቅነሽ ጋ ነው። ልጄ ብትረሳኝስ? ነገ በጠዋት አውቶቡስ። መርፌና ክሩን ከሻንጣው ላይኛው ኪስ አድርጌያለሁ።