የአባባ ምላስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ጠዋት

ዛሬም እምቢ። ገንፎው በረደ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ፣ ር/መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ። ይይ! አባባ ከወገዳ ተነስተው ንፋስ መውጫ እኔ ቤት ከመጡ ወዲህ፣ ማስታወሻዬ፣ የምጽፍብህ ሁሉ የጉሮሮ ነገር ሆኗል።

ስትሮኩ የወሰደባቸው እጃቸው ተመልሷል። አፋቸው አልተመለሰም። ውሃ ትን ይላቸዋል። ንግግራቸው እ... እ... ላይ ይቆማል። ስንት ደመኛ ያስታረቀ አፍ!

ባሕር ዳር ያየቻቸው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ያለችኝ ግልጽ ነው። የተጎዳው የአንጎል ክፍል አይድንም፤ ሌላው ግን ሥራውን ሊለምድለት ይችላል። የሚለምደው ሲሠራ ብቻ ነው። ምላስ ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን። ጠንክሮ መዋጥ። ድምፅ ማውጣት። በየቀኑ፣ ደጋግሞ። እኔ እቆጥራለሁ፣ የሂሳብ አስተማሪ አይደለሁ?

ምላሱ ነው ችግሩ። የተከበረ ሽማግሌ ሴት ልጁ ፊት ምላሱን ያወጣል? ምላስ የሚያወጣ ባለጌ ነው። እኔንም በልጅነቴ ለዚሁ ገርፈውኛል።

ረቡዕ፣ 13

የተስማማን መስሎኝ ነበር። ጋቢያቸውን ይከናነባሉ፣ ውስጥ ሆነው ይሠራሉ፣ እኔ ከውጭ እቆጥራለሁ። ዛሬ ድንገት ገለጥ ባደርገው አፋቸው ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ዝም ብለው ተቀምጠው ያስቆጥሩኛል!

ጮኽኩባቸው። አባቴ ላይ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያዙሩ። አላፍርም።

ማታ። አፍሬያለሁ። ትንሽ።

እሑድ፣ 17

ጠያቂ ቤቱን ሞላው። ለሁሉም ተናግሬያለሁ፦ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጭ ወደ ደረት፣ ወፈር ያለ ነገር፣ በትንሽ ማንኪያ። ሁሉም እሺ አለ። ወጥ ልጨምር ጓዳ ገባሁ። አጎቴ አያ ሙሉ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው በሞቴ እያሉ አጎረሷቸው። አባባ በሞቴ ተብለው እንዴት እምቢ ይበሉ? ፊታቸው ጠቆረ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። ጎንበስ አድርጌ ጀርባቸውን መታሁ፣ መታሁ። ወጣ።

ፍቅር ነው አሉኝ። ፍቅር ሊገድልብኝ ነበር!

ሰሃኑን ከየእጃቸው ተቀብዬ ሁሉንም አስወጣሁ። አያ ሙሉ እያለቀሱ ሄዱ። ነገ ከተማው ሁሉ ያወራብኛል። ያውራ፣ እሱ አፍ አለው።

ረቡዕ፣ 20

ወሬው ወገዳ ደርሷል። ታላቅ ወንድሜ ጌትነት ደወለ። ቅዳሜ መኪና ይዞ መጥቶ አባባን ይወስዳል። አሠቃየሻቸው አለኝ። ሽማግሌ እንደ ሕፃን ምላስዎን ያውጡ ይባላል ወይ፣ አገራቸው ገብተው ይረፉ አለ። ይረፉ! እዚያ ማን ያሠራቸዋል? አንጎል ያልሠራበትን ይተወዋል፣ ካረፉ አፋቸው በዚያው ይቀራል ብዬ ብነግረው ስልኩን ዘጋብኝ።

አባባ አጠገቤ ነበሩ። ሁሉንም ሰምተዋል። ጋቢያቸውን ተከናነቡ። የዛሬውን አልሠራንም።

ቅዳሜ፣ 23

መኪናው ደጅ ቆሟል። ጌትነት፣ አያ ሙሉ፣ ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች። ሽማግሌዎቹ እኔንና ወንድሜን ሊያስማሙ ተቀመጡ። ጌትነት፣ አባባ አገሬ መልሱኝ ነው የሚሉት አለ። አያ ሙሉ ደክሟቸዋል አሉ። እኔ መቆየት ነው የሚፈልጉት አልኩ። ሦስታችንም የእሳቸውን አፍ ተሻምተን እንናገራለን፤ አንዳችንም አልጠየቅናቸውም።

አባባ እ... እ... ማለት ጀመሩ። ጌትነት አዎ፣ እንሂድ ብሎ ጨረሰላቸው።

እጃቸውን አነሱ። ሽምግልና ላይ ዝም በሉ ለማለት እንደሚያነሱት። ጋቢውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ምላሳቸውን አወጡ።

በሽማግሌ ፊት! ወደ ውጭ። ወደ ላይ፣ እየተንቀጠቀጠች። ወደ ጎን፣ በጌትነት በኩል። አያ ሙሉ አማተቡ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ቀላ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ።

"ቁ... ቁ... ጠሪ።"

ቆጠርኩ። መኪናው አባባን ሳይዝ ተመለሰ።

ማታ። ከመኝታቸው እየጠሩኝ ነው። የስሜ መጀመሪያ ወጥቷል፣ ቀሪው ጉሮሯቸው ላይ ነው። ተነስቼ መሮጥ አማረኝ። አልሮጥም። ከእንግዲህ ማንም አይጨርስላቸውም፣ እኔም ብሆን። ይጨርሱት፣ እጠብቃለሁ።